የጄንጊስ ካን አነሣሥና የምስጢራዊው ታሪክ ፍርድ

ስለ ጄንጊስ ካን በተማሪዎች መካከል ነገር በተነሣ ቍጥር ክርክሩ ዘወትር በሁለት መንገድ ሲሄድ አያለሁ። አንደኛው ወገን ሰውየው ከሰው ሁሉ የበለጠ የጦር ብልኀት ስለ ተሰጠው ተነሣ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ምሕረት የማያውቅ አረመኔ ስለ ነበረ ዓለም ሊቋቋመው አልቻለም ይላል። ሁለቱም መልሶች አንድ ጕድለት አላቸው፤ ከፍጻሜው ይጀምራሉ። ዦንግዱ በ1215፣ ቡኻራ በ1220 እንዴት እንደ ወደቁ እያሰቡ ወደ ኋላ ተመልሰው የሰውየውን ልጅነት ይተረጕማሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምፈልገው ግን ከ1206 በፊት ያለውን ዘመን ነው፤ ማለት አባቱ የሞተበት፣ ዘመድ የከዳው፣ ሀብቱ ዘጠኝ ፈረስ ብቻ የነበረ ቤተ ሰብ ልጅ፣ በኦኖን ወንዝ ምንጭ አጠገብ የሞንጎሎች ሁሉ ካን ተብሎ እስኪነግሥ ድረስ ያለውን። (ዘመናቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ለዚህ ዘመን ዋናው ምስክራችን «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የጄንጊስ ካንን አነሣሥ መመርመር ማለት በአብዛኛው ይህን መጽሐፍ መመርመር ማለት ነው። ነገር ግን ከእርሱ እየቀዱ የሚጽፉት ብዙዎቹ የጀብዱን ታሪክ ይወስዱና ታሪኩን የነገረው ሰው ለማን እንደ ፈረደ፣ በማን ላይ እንደ ፈረደ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። እንደ እኔ አስተያየት የመጽሐፉ ቍም ነገር ያለው በዚህ ፍርድ ላይ ነው።

መጽሐፉ ለእኛ የደረሰበት መንገድ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በሞንጎልኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል። የተረፈልን ቻይኖች በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የሞንጎሎችን መንግሥት ከአገራቸው ካባረሩ በኋላ፣ አስተርጓሚዎቻቸውን ሞንጎልኛ ለማስተማር ሲሉ ድምፁን በቻይና ፊደል የጻፉት ግልባጭ ነው። የድል አድራጊው ታሪክ ድል ሆነው በነበሩት ሰዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ተረፈ ማለት ነው። ፓላዲየስ የተባለ የሩሲያ መነኵሴ በቤጂንግ አግኝቶ የቻይንኛውን አጭር ትርጓሜ ወደ ሩሲያኛ መልሶ በ1866 ካሳተመው ወዲህ በአውሮፓ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ሄኒሽ፣ ፈረንሳዊው ፔሊዮ፣ ሩሲያዊው ኮዚን፣ ሞንጎላዊው ዳምዲንሱረን ደከሙበት፤ የአሜሪካዊው የክሊቭስ የእንግሊዝኛ ትርጕም በ1982፣ የደ ራኸዊልትዝ ብዙ ማብራሪያ ያለው ትርጕም ደግሞ በ2004 ታተመ። ጽሑፉ በ282 ክፍሎች የተመደበ ነው።

ከእርሱ ጋር የሚስተያየው ሁለተኛው ምስክር ራሺድ አልዲን ነው። እርሱ በፋርስ የነገሡት የሞንጎል ገዢዎች ሚኒስትር ሆኖ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሰፊ ታሪክ በፋርስኛ ጻፈ፤ በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ይጠበቅ ከነበረው «ወርቃማው መጽሐፍ» ከተባለው ከነገሥታቱ የራሳቸው መዝገብም ብዙ ቃል ወርሷል። ሁለቱ ምስክሮች በሚስማሙበት ቦታ ነገሩ ቀላል ነው። ትምህርት የሚገኘው በሚጣሉበት ቦታ ነው።

ከልጅነቱ እንጀምር። ቴሙጂን (የጄንጊስ ካን የልደት ስሙ ይህ ነው) በ1162 ገደማ ተወለደ ይባላል፤ ራሺድ አልዲን ግን 1155 ያደርገዋል፤ ፔሊዮ ደግሞ 1167ን ይመርጥ ነበር። ሲወለድ በቀኝ እጁ የበግ ቍርጭምጭሚት አጥንት የሚያህል የረጋ ደም ጨብጦ ነበር ይለናል መጽሐፉ። ይህን ያነበበ ሰው እነሆ የንጉሥ ውዳሴ ተጀመረ ብሎ ይጠብቃል። ነገር ግን ጥቂት ገጾች እንዳለፈ አባቱ የሱጌይ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ከወደፊት አማቱ ዘንድ ትቶት ሲሄድ፣ ልጁ ውሻ ስለሚፈራ ከውሾች እንዲጠብቁለት አደራ ይላል። ዓለምን ያንቀጠቀጠ ሰው ውሻ ይፈራ ነበር። ውዳሴ ብቻ የሚፈልግ ጸሓፊ ይህን ለምን ይጽፋል?

የሱጌይ ከዚያ ሲመለስ ታታሮች በግብዣ ላይ መርዝ አብልተውት ሞተ። የገዛ ወገኖቹ ታይቺውዶች መበለቲቱን ሆኤሉንን ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ጥለው ሰፈራቸውን አነሡ፤ አትሂዱ ብሎ የለመናቸውን አንድ ሽማግሌ በጦር ወጉት። ሆኤሉን ልጆቿን የምታሳድገው ሥርና የዱር ፍሬ እየለቀመች ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከመጽሐፉ ሁሉ ከባዱ ነው። ቴሙጂንና ታናሹ ቃሳር በአንድ ዓሣና በአንዲት ትንሽ ወፍ ሰበብ በአባት የሚገናኙትን ወንድማቸውን በክተርን፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው በቀስት ገደሉት። እናታቸው ይህን ባወቀች ጊዜ የወረደችባቸው የርግማን ናዳ ረዥም ነው፤ ልጆቿን የገዛ ጐናቸውን ከሚናከሱ አራዊት ጋር ታስተካክላቸዋለች። ራሺድ አልዲን ስለዚህ ግድያ ምንም አይናገርም።

የቦርቴም ነገር እንዲሁ ነው። ቴሙጂን ቦርቴን ካገባ በኋላ 300 መርኪቶች በሌሊት ደረሱባቸው። ምክንያታቸውም የቈየ ቂም ነበር፤ የሱጌይ ሆኤሉንን ያገባት ከአንድ መርኪት ሙሽራ ነጥቆ ነበርና። ቴሙጂን፣ ወንድሞቹና እናቱ ፈረስ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ቡርካን ቃልዱን ወደ ተባለው ተራራ ሸሹ፤ አንድ ፈረስ ለመለወጫ ተይዛ ነበርና ለቦርቴ ፈረስ አልተረፈላትም። መጽሐፉ ይህን ያለ አንዳች ይቅርታ እንዲሁ ይነግረናል። መርኪቶች ወስደው ለአንድ ሰዋቸው ሰጧት፤ ባሏ በጦር እስኪያስመልሳት ድረስም ወራት አለፉ፤ የበኵር ልጅዋ ጆቺ የማን ልጅ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በዚህ ምክንያት ነው። በራሺድ አልዲን ዘንድ ግን መርኪቶች ቦርቴን አስቀድማ አርግዛ ሳለች ወሰዷት፤ ለከረይቱ ንጉሥ ለቶግሩል ላኩለት፤ እርሱም እንደ ልጁ ሚስት በክብር ጠብቆ መለሳት። ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆነ፤ ኀፍረትም ቀረ። እኔ ከሁለቱ የመጀመሪያውን አምናለሁ፤ ሰው ለጌታው ነውር የሚፈጥርበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ ነውሩን የሚሸፍንበት ምክንያት ግን ብዙ ነው። (ከዚህ አስተያየት የሚያፈገፍገኝ አንድ ነገር አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

እንግዲህ መጽሐፉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ እንዳለ እንመነው? አይደለም። ዝም የሚልበትም ቦታ አለ።

ቦርቴን ለማስመለስ ሁለት ሰዎች ረድተውት ነበር፤ አንዱ የአባቱ የመሐላ ወንድም ቶግሩል፣ ሁለተኛው የራሱ የመሐላ ወንድም ጃሙቃ። (ይህን የመሐላ ወንድምነት ሞንጎሎች «አንዳ» ይሉታል።) ሁለቱም እያንዳንዳቸው 20,000 ጦር አመጡ ይላል መጽሐፉ፤ በ300 ሰው የተነጠቀች አንዲት ሴት ለማስመለስ 40,000 ሰው ተንቀሳቀሰ ማለት ነውና በዚህ ቍጥር መገረም ይፈቀድልናል። ቴሙጂንና ጃሙቃ ከዚያ በኋላ ዓመት ተኩል ያህል በአንድ ሰፈር ኖረው ተለያዩ፤ ጥቂት መኳንንትም ቴሙጂንን ካን አደረጉት፤ በ1187 ገደማም ዳላን ባልጁት በተባለ ቦታ ሁለቱ ተዋጉ። በምስጢራዊው ታሪክ መሠረት ያሸነፈው ጃሙቃ ነው፤ ከውጊያው በኋላም ምርኮኞችን በ70 ታላላቅ ድስት ቀቀላቸው። በራሺድ አልዲን መሠረት ደግሞ ያሸነፈው ቴሙጂን ነው፤ ድስቶቹንም ያስጣደው ራሱ ነው። እንግዲህ 70ዎቹ ድስቶች በሁለቱም ዘንድ አሉ፤ የሚለዋወጠው ባለቤታቸው ነው። ለምስጢራዊው ታሪክ ጸሓፊ ድስቶቹ ነውር ናቸው፤ ስለዚህ ለጠላት ተሰጡ። በፋርስ ቤተ መንግሥት ግን የድል አድራጊው ቍጣ ምልክት ሆነው ተቈጠሩ። ውሻ መፍራቱን ያልደበቀ መጽሐፍ ድስቶቹን ደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ሽንፈትን ደግሞ ያለ ምክንያት አይቀበልምና ስለ ውጊያው ውጤት ከሆነ እርሱን እመርጣለሁ።

ከዳላን ባልጁት በኋላ የሚመጣው ዝምታ ከሁሉ ይበልጣል። እስከ 1196 ድረስ ስላሉት ዐሥር ያህል ዓመታት መጽሐፉ የሚነግረን የለም ማለት ይቻላል። የደቡብ ሶንግ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ በ1221 ወደ ሞንጎሎች የሄደው ቻይናዊው ጃዎ ሆንግ፣ ቴሙጂን በወጣትነቱ በጂን መንግሥት ተማርኮ ከዐሥር ዓመት በላይ በባርነት እንደ ኖረ ጽፏል። ይህን ቃል የጠላት ወሬ ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወሬው የሚገጥመው መጽሐፉ ከተወው ክፍተት ጋር ነው። በ1196 ቴሙጂን እንደ ገና ሲታይ ከቶግሩል ጋር ሆኖ ለዚያው ለጂን መንግሥት ታታሮችን ሲወጋ እናገኘዋለን፤ የጂን ጦር አዛዥም ለቶግሩል የንጉሥነት ስም፣ ለቴሙጂን አነስ ያለ ሹመት ሰጣቸው። ቶግሩል «ኦንግ ካን» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ኦንግ» ንጉሥ ከሚለው የቻይና ቃል የመጣ ነው። የወደፊቱ የዓለም ገዢ የመጀመሪያ ሹመቱን የተቀበለው፣ በኋላ ልጁ ከሚያጠፋው መንግሥት እጅ ነበር።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። መጽሐፉ የቴሙጂንን መነሣት የሚያስረዳው በአንድ ትምህርት ነው፤ እርሱም ሎሌ ለጌታው መታመን አለበት የሚለው ነው። ይህን ትምህርት የሚያስተምረው በስብከት አይደለም፤ እንደ ችሎት አንዱን ጉዳይ ከሌላው አስከትሎ በማቅረብ ነው። ጀቤ ከታይቺውዶች ጋር ሆኖ የቴሙጂንን ፈረስ በቀስት ወግቶ ነበር፤ ተጠይቆ ሳይክድ ስላመነ ምሕረት አገኘ፤ ስሙም ከዚያ ቀስት ወጣለት፤ ከታላላቆቹ የጦር አለቆች አንዱም ሆነ። አንድ ሽማግሌ ከሁለት ልጆቹ ጋር የታይቺውዱን አለቃ ታርቁታይን ይዘው ወደ ቴሙጂን ሊያመጡት ሲሉ፣ ከልጆቹ አንዱ ናያአ ጌታችንን በእጃችን አስረን ብናቀርብ ይገድለናል ብሎ አስለቀቀው፤ ባዶ እጃቸውን መጥተው ይህን ሲናገሩ ተመሰገኑ። የኦንግ ካንን ልጅ በምድረ በዳ ጥሎት የመጣው የፈረስ ጠባቂ በሰይፍ ተቀጣ፤ ባሏን የገሠጸችው ሚስቱ ግን ተሸለመች። ጌታው እንዲያመልጥ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የተዋጋው የከረይቱ ጀግና ቃዳክ ተማረ። ጃሙቃን አስረው ያመጡት አምስቱ ሎሌዎቹ በፊቱ ተገደሉ። ፍርዱ ሁሉ አንድ ነው፤ ጌታውን የከዳ ለማንም አይሆንም።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ግን ባዳይና ኪሺሊክ የተባሉት ሁለት የፈረስ እረኞች ይመጣሉ። እነዚህ የአንድ የከረይት መኰንን ሎሌዎች ነበሩ። በ1203 ኦንግ ካንና ልጁ ቴሙጂንን በጋብቻ ድግስ ስም ጠርተው ሊይዙት መከሩ፤ ይህ አልሆን ሲላቸው በንጋት ሊከቡት ቈረጡ፤ ጌታቸው ይህን በቤቱ ሲያወራ እረኞቹ ሰምተው በዚያው ሌሊት ገሥግሠው ለቴሙጂን ነገሩት። ጌታቸውን ከዱ። ዋጋቸውስ ምን ሆነ? የኦንግ ካን የወርቅ ድንኳን ከነዕቃውና ከነአገልጋዮቹ ተሰጣቸው፤ በጦር የማረኩትን፣ በአደን የገደሉትን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ነጻ ሰዎች ተባሉ። በልጅነቱ በአንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር አግብተው ያሰሩትን ታይቺውዶች አምልጦ ሳለ፣ በበግ ጠጕር በተጫነ ሰረገላ ውስጥ የደበቀው ሶርካን ሺራም የታይቺውዶች ሎሌ ነበር፤ እርሱም ከፍ ያለ ሹመት አገኘ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳሳየው፣ ባዳይና ኪሺሊክ ወሬ ነገሩ እንጂ በጌታቸው አካል ላይ እጃቸውን አላነሡም፤ ስለዚህ ሕጉ አልተጣሰም ብሎ ተከራከረኝ። ክርክሩ ለጠበቃ ጥሩ ነው። ነገር ግን የጃሙቃ አምስት ሎሌዎች ያጠፉት ሀብቱን ሁሉ አጥቶ በየዱሩ የሚንከራተት አንድ ሰው ነው፤ እረኞቹ ያወጡት ምስጢር ግን አንድ መንግሥት አጠፋ። መጽሐፉ ይህን ልዩነት ያየ አይመስልም፤ ወይም አይቶ አልፎታል። እንደሚመስለኝ እውነተኛው ሕግ እንዲህ ነበር፤ ቴሙጂን ሳያሸንፍ ወደ እርሱ የመጣ ከዳተኛ ወዳጅ ይባላል፤ ካሸነፈ በኋላ የመጣው ከዳተኛ ግን ከዳተኛ ይባላል። የመጀመሪያው ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ያስፈራዋል።

ይህ የፍርድ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ያስፈለገው በቴሙጂን በራሱ ላይ ነው። እርሱ የኦንግ ካን ሎሌ ነበርና። ቦርቴ ይዛው የመጣችውን ጥቁር የሳብል ለምድ ለቶግሩል አልብሶ አባቴ ብሎ አድሮለታል፤ ሚስቱን የመለሰለትም እርሱ ነው። ታዲያ ሎሌው ጌታውን ሲገለብጥ ከዳተኛ የማይባለው እንዴት ነው? መጽሐፉ ይህን ችግር የሚፈታው በ1203 ቴሙጂን ለኦንግ ካን ላከው በሚለው ረዥም መልእክት ነው። መልእክቱ የውለታ መዝገብ ነው፤ አባቱ ለኦንግ ካን ያደረገለት፣ ራሱም ያደረገለት እየተቈጠረ ይነበባል፤ በየመካከሉም ምን በደልሁህ የሚል ጥያቄ ይመላለሳል። አንባቢ መልእክቱን ሲጨርስ ውሉን ያፈረሰው ጌታው ነው ብሎ እንዲፈርድ ተደርጓል። ሽማግሌው ኦንግ ካንም መልእክቱን በሰማ ጊዜ በልጄ ላይ ክፉ ባስብ ደሜ ይፍሰስ የሚል መሐላ ጣቱን በቢላዋ ወግቶ ይምላል። ተከሳሹ በገዛ አፉ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ የቴሙጂን ጦር 2,600 ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ወደ ባልጁና ውኃ በሸሸ ጊዜ ያገኘው ነገር ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው፤ ሀሰን የተባለ እስላም ነጋዴ አንድ ሺህ በግ እየነዳ፣ በነጭ ግመል ተቀምጦ፣ ለአውሬ ቆዳ ሊለውጥ ወንዙን ይዞ ሲመጣ ተገናኙ። ሌሎች ምንጮች በዚህ ቦታ አብረውት የጨለጠውን ውኃ የጠጡ ጥቂት ሰዎች ታላቅ ቃል ኪዳን ገቡ ይላሉ፤ ምስጢራዊው ታሪክ ግን ስለ ቃል ኪዳኑ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ቴሙጂን ኦንግ ካንን ያሸነፈበት ዘዴ ከመኳንንት ወግ የራቀ ነው፤ ወንድሙ ቃሳር ከድቶ ሊገባ እንደሚፈልግ የሐሰት መልእክት ልኮ ሽማግሌውን አዘናጋውና በወርቅ ድንኳኑ ውስጥ ሲደግስ በድንገት ከበበው። ኦንግ ካን አመለጠ፤ የናይማን ዘበኛ ማን እንደ ሆነ ሳያውቀው ገደለው።

ስለዚህ ሽማግሌ አንድ ነገር ከመንገዴ ወጣ ብዬ ልናገር። ከረይቶች ንስጥሮሳውያን ክርስቲያኖች ነበሩ። ማርኮ ፖሎ በአውሮፓ ሲወራለት የኖረው ቄስ ዮሐንስ የተባለው የምሥራቅ ክርስቲያን ንጉሥ ይኸው ኦንግ ካን ነበር፤ ጄንጊስ ካንም ገደለው ብሎ ጻፈ። አውሮፓውያን በእስያ የፈለጉትን ንጉሥ ስላጡት በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት፤ በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞችም የሚፈልጉት ይህንኑ ቄስ ዮሐንስን ነበር። የእኛ ነገሥታት ለብዙ ዘመን በአውሮፓ የተጠሩበት ስም፣ በከፊል በ1203 በሞንጎሊያ ሜዳ የወደቀ የአንድ ሰው ትርፍ ነው።

ኦንግ ካን ከወደቀ በኋላ ናይማኖች በ1204 ተሸነፉ። የቀረው ጃሙቃ ብቻ ነበር። በምስጢራዊው ታሪክ ውስጥ የጃሙቃ ሞት ከሁሉ የተዋበ ክፍል ነው። ቴሙጂን የልጅነት ወዳጁን እንደ ገና ጓደኛ እንሁን ይለዋል፤ ጃሙቃ ግን አልሆንም፤ ሕያው ሆኜ ብቀር እንቅልፍ እነሣሃለሁ፤ ደሜ ሳይፈስ ግደለኝና አጥንቴ ልጆችህን ይጠብቅ ይላል። ምሕረት የተሰጠው ሰው ምሕረቱን መልሶ ሞትን ይለምናል። ራሺድ አልዲን የሚነግረን ከዚህ ይለያል፤ ቴሙጂን የመሐላ ወንድሙን በእጁ መግደል ስላልፈለገ ለወንድሙ ልጅ ሰጠው፤ እርሱም አካሉን እየቈራረጠ ገደለው። በዚህ ቦታ ያለ ጥርጥር ራሺድ አልዲንን እመርጣለሁ። ምክንያቴም የጃሙቃ ንግግር ያማረ መሆኑ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ አስቸጋሪ ፍርድ በመጣበት ቍጥር ፍርዱን ለተሸናፊው አፍ ይሰጣል፤ ኦንግ ካን በራሱ ላይ ማለ፤ ጃሙቃ በራሱ ላይ ሞትን ፈረደ። እናት ልጆቿን ስትረግም ሲጽፍ የማምነውን ጸሓፊ፣ ጠላት ራሱን ሲኰንን ሲጽፍ አላምነውም።

ይህን ሁሉ ስል የታማኝነት ትምህርቱ ባዶ ማታለያ ነበር ማለቴ አይደለም። በሥራ ላይ ውሏል፤ የሰውየው እውነተኛ ጥበብም እዚህ ላይ ነው። በ1202 ታታሮችን ሊወጋ ሲነሣ፣ ድል ሳይፈጸም ማንም ለምርኮ እንዳይቆም፣ ምርኮውም ኋላ በአንድነት እንዲከፈል አዘዘ። የአጎቱን ልጆች ጨምሮ ሦስት የቅርብ ዘመዶቹ ትእዛዙን ጣሱ፤ ምርኮአቸውን አስቀማቸው፤ እነርሱም ከድተው ወደ ጠላቱ ሄዱ። ይህች ትእዛዝ ጥቂት ቃል ብትሆንም ከማንኛውም ውጊያ የምትበልጥ ይመስለኛል፤ ምርኮ የባላባቱ መብት መሆኑ ቀርቶ የአለቃው ስጦታ ሆነ። (በዚያው ዘመቻ ከሰረገላ መንኰራኵር እንብርት በላይ ቁመት ያለው የታታር ወንድ ሁሉ ተገደለ፤ መጽሐፉ ይህንም አይደብቅም፤ ለአባት ደም የተከፈለ ዋጋ ነውና ነውር አልመሰለውም።)

በ1206 በኦኖን ምንጭ ጄንጊስ ካን በተባለ ጊዜ ያደረገው ይኸንኑ ወደ ሕዝብ ሁሉ ማስፋት ነው። ሕዝቡ በ95 ሻለቃ ተከፈለ፤ ከሻለቃው በታች መቶ አለቃና ዐሥር አለቃ ነበረ፤ ከተመደበበት ጭፍራ ወደ ሌላ መዛወር ተከለከለ። ታታሩ፣ መርኪቱ፣ ከረይቱ በየጭፍራው ተበተነ። ከአለቆቹ አንዱ ሙቃሊ በልጅነቱ የደጃፍ ባሪያ ሆኖ የተሰጠ ነበር፤ በ1217 የሰሜን ቻይና ጦር ሁሉ ለእርሱ ተሰጠ። የክብር ዘበኛው ቍጥር ወደ 10,000 አደገ፤ የአለቆቹ ልጆች ስለገቡበት አባቶቻቸው እንዳይከዱ መያዣም ነበሩ። ሎሌ ለጌታው ይታመን የሚለው ቃል፣ ጌቶቹ ሁሉ አልቀው አንድ ጌታ ብቻ በቀረበት አገር ምን ማለት እንደ ሆነ አሁን ይታያል። የሰማይን ድምፅ እሰማለሁ ይል የነበረው ቃልቻ ቴብ ተንግሪ ሰው ወደ ራሱ መሰብሰብ በጀመረ ጊዜ ወገቡን ተሰብሮ ሞተ፤ ሁለተኛ ጌታ በሰማይ ስም እንኳ አልተፈቀደም።

በቅርብ ዘመን ሌላ ዐይነት ማስረጃ መጥቷል። በ2014 ፔደርሰንና ሄስል ከጓደኞቻቸው ጋር የሞንጎሊያን የጥንት ዛፎች ቀለበት ቈጥረው ከ1211 እስከ 1225 ያለው ዘመን ባልተለመደ ሁኔታ ዝናብና ሣር የበዛበት እንደ ነበረ አሳዩ። ብዙ ሰዎች ይህን ሰምተው የጄንጊስ ካንን መነሣት ሣር አስረዳው ብለዋል። ዘመኑን ልብ ይበሉ፤ የተነሣው በ1206 ነው። ዝናቡ ፈረሶቹን ወደ ቻይናና ወደ ኽዋሪዝም ለማድረስ ረድቶ ይሆናል፤ ዙፋኑን ግን አልሰጠውም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ እነዚያው ቀለበቶች በ1180ዎቹና በ1190ዎቹ ጽኑ ድርቅ ማሳየታቸው ነው፤ ይህም መጽሐፉ ዝም ያለበት ዘመን ነው። ሰው ጌታውን ጥሎ ወደ አዲስ ጌታ የሚፈልሰው በምን ጊዜ እንደ ሆነ ለሚያስብ ሰው ይህ ማስረጃ ብዙ ይናገራል፤ መጽሐፉ ግን ሰዎቹ የመጡት ሰማይ ስለ መረጠውና ልብሱን አውልቆ ስለሚያለብስ ነው ይላል እንጂ ስለ ሣር አንድ ቃል የለውም።

ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር ቀርቷል። መጽሐፉ የቦርቴን መማረክ በግልጽ መናገሩን ለሐቀኝነቱ ምስክር አድርጌ ቈጥሬው ነበር። ነገር ግን በ1219 ወደ ኽዋሪዝም ዘመቻ ሊነሡ ሲሉ፣ አልጋው የማን ይሁን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ሁለተኛው ልጅ ቻጋታይ በአባቱ ፊት ታላቁን ጆቺን የመርኪት ዲቃላ ብሎ ሰደበው፤ አንገት ለአንገት ተያያዙ፤ ነገሩም ሦስተኛው ልጅ ኦጌዴይ ይንገሥ በማለት አለቀ። ይህን የሚነግረን ያው መጽሐፍ ነው። የቦርቴ ታሪክ አስቀድሞ በግልጽ ባይነገር ኖሮ የቻጋታይ ስድብ መሠረት አይኖረውም፤ የጆቺም ቤት ለምን ከአልጋው እንደ ራቀ አንባቢ አይገባውም ነበር። እንግዲህ ነውርን መግለጽም የሚጠቅመው ሰው አለ።

መጽሐፉ በመጨረሻው ቃሉ የተጻፈው በከርለን ወንዝ አጠገብ በኮዴኤ አራል፣ ታላቁ ጉባኤ ተሰብስቦ ሳለ፣ በአይጥ ዓመት መሆኑን ይናገራል። የአይጥ ዓመት በየዐሥራ ሁለት ዓመቱ ይመለሳል። 1228 ከሆነ ጽሑፉ የተነበበው ኦጌዴይ ከመንገሡ ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ 1240 ከሆነ እርሱ በአልጋው ላይ ሳለ ነው፤ 1252 ከሆነ ግን መንግሥቱ ከኦጌዴይ ቤት ወጥቶ ወደ ታናሹ ወንድም ወደ ቶሉይ ልጆች ከገባ በኋላ ነው። ኦጌዴይ በመጽሐፉ መዝጊያ ላይ አራት መልካም ሥራውንና አራት ጥፋቱን ቈጥሮ ይናዘዛል፤ ከጥፋቶቹም የመጀመሪያው በወይን ጠጅ መሸነፉ ነው። ይህ የኑዛዜ ቃል ከጃሙቃ ልመናና ከኦንግ ካን መሐላ ጋር በአንድ እጅ የተጻፈ መሆኑን ለመጠራጠር ምክንያት አላገኘሁም።